የቆዳ ግቢው ጉድጓድና የሸዋረግ ጽጌረዳ

ዙበይዳ ሸሪፍ ቀናተኛ ሴት ናት ቢባል አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ የሚያምን አይገኝም ነበር። ለቅሶ ቤት ቀድማ የምትደርስ፣ የጎረቤት ልጅ ሲታመም የራሷ የታመመ ያህል የምትንቆራጠጥ፣ የክርስቲያን ጎረቤቶቿን የጾም መያዣ ቀን ከነሱ በፊት የምታስታውስ ሴት ናት። ግን ቀናተኛ ነበረች። ያውም በወርቅ ወይም በቤት ቢሆን ሰው በተረዳላት፤ እሷ የቀናችው በአበባ ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ሸዋረግ ደጃፍ ላይ በተደረደረ የጣሳ አበባ።

ግቢዋን ሳያውቁ ዙበይዳን ማወቅ አይቻልም። ባሏ አብዱልባሲጥ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ቆዳ ነጋዴ ነበር፤ አባቱም፣ የአባቱም አባት። የበጉም የበሬውም ቆዳ ከኮላ ድባ፣ ከመካነ ብርሃንም ሳይቀር በጭነት ማኪና እየመጣ እዚያ ግቢ ይራገፋል። ከዚያ ይዘረጋል፣ ጨው ይነሰነስበታል፣ ይታሻል፣ ይደራረባል። ከክምሩ ሥር የሚወጣው ውኃ እየተጠረገ ግቢው መሬት ውስጥ ይሰርጋል። ይህ በሱ ዘመን ብቻ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሠራ የኖረ ሥራ ነው። አብዱልባሲጥ እርጅና ሲጫነው ለነፍሱ የሚሆን ነገር አሰበና በዚያው ግቢ መሀል ጉድጓድ አስቆፈረ። "ውኃ ከማጠጣት የሚበልጥ ሰደቃ የለም" ይል ነበር። ሊሞት ሲል ደግሞ ጀሪካን ለያዘ ሰው በሩን እንዳትዘጋ ዙበይዳን ቃል አስገባት። ውኃው አፍ ላይ ትንሽ ይከብዳል፣ ሳሙና አረፋ አያወጣበትም፤ ሰፈርተኛው ልብስ ያጥብበታል እንጂ አይጠጣውም። ለምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው ግን የለም። ቆዳ ነጋዴ ጨውን የሚያየው ቆዳው ላይ ነው፤ መሬቱ የጠጣውን ማን ያየዋል?

አብዱልባሲጥ ሲሞት የቆዳው ንግድም አብሮት ሞተ። ዙበይዳ ባዶ ግቢ ታቅፋ ቀረች። ልጇ መርዋ ከምትሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ የጽጌረዳ ቁራጭ ቅርንጫፍ አምጥታ በዘይት ጣሳ ተከለችላትና እናትየው በሐዘኗ መሀል እሱን ማጠጣት ጀመረች። አንዱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አርባ። የዘይቱም የቀለሙም ቆርቆሮ ከየሱቁ እየተለቀመ ጽጌረዳ፣ ጄራኒየም፣ ካርኔሽን ሞላው። የፒያሳ ካፌዎች ለበረንዳቸው ከእሷ ወሰዱ፣ የሠርግ ቤቶች ከእሷ ተዋሱ። ባለ ቆዳዋ መባሏ ቀርቶ ባለ አበባዋ ተባለች፤ ይህን ስም ስትሰማ ደግሞ ደስ ይላት ነበር፣ ምን ይደበቃል።

ሸዋረግ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ከመዝገብ ቤት ሥራ በጡረታ የተገለለች፣ ልጆቿ የተበተኑባት ሴት ናት፤ ፊት ለፊት ያለውን ቤት ገዝታ ገባች። በዕድሜ ዙበይዳን ስለምታከብራት "እታለም" ትላታለች። ብቸኝነቱ እንዳይከብዳት ብላ የመጀመሪያውን የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ቆርጣ በእጇ የሰጠቻት ዙበይዳ ራሷ ናት። አተካከሉን ያሳየቻትም እሷ ናት። አንጀቷን ያሳረራት ዋናው ነገር እንግዲህ ይኼ ነው። የማያውቁት ሰው ቢበልጥ አንድ ነገር ነው፤ ራስሽ ቆርጠሽ በሰጠሽው ቅርንጫፍ መበለጥ ግን እንቅልፍ ይነሳል።

መበለጡ የጀመረው የቧንቧው ውኃ በየሁለት ሳምንቱ መምጣት ሲጀምር ነው። ሸዋረግ ጣሪያዋ ላይ ትልቅ ሮቶ ስለነበራት ውኃ በመጣ ቀን ትሞላና ታጠጣለች። ዙበይዳ ሮቶ የላትም፤ ምን ቸገራት፣ ግቢዋ ውስጥ የማይነጥፍ ጉድጓድ አላት። ጠዋትና ማታ በባልዲ እየቀዳች ታርከፈክፍ ጀመር። በወሩ የጽጌረዳው ቅጠል ጫፍ ጫፉ እሳት እንደነካው ቡናማ ሆነ። እምቡጡ ከአተር ሳያልፍ ይረግፋል። ካርኔሽኑ ቀጨጨ። ደህና የቆመው አጥሩ ላይ የተንጠላጠለው ቡገንቪላ ብቻ ነው። ዙበይዳ "ውኃ አንሷቸው ነው" አለችና የምታጠጣውን እጥፍ አደረገችው። እነሱም እጥፍ ባሰባቸው።

ከማዶ ያለው ደግሞ፣ አላህ ያሳያችሁ፣ ጭብጥ የሚያህል ቀይ ጽጌረዳ! ሸዋረግም መሸጥ ጀምራ ነበርና ደንበኛ ሁሉ ከባጃጅ ሲወርድ መጀመሪያ ወደ ዙበይዳ በር ያይና ከዚያ ፊቱን ወደ ሸዋረግ ያዞራል። ዙበይዳ ጠዋት ጠዋት በበሩ ስንጥቅ አጮልቃ የሸዋረግን እምቡጥ መቁጠር ልማድ አደረገችው። አሥራ ስምንት የነበረው ሃያ ሦስት ሲሆን ቁርሷ አይወርድላትም። አንድ ቀን ኃይለኛ ነፋስ ነፍሶ ሁለት ጣሳ ከሸዋረግ ደረጃ ላይ ሲገለብጥ ደስ አላት፤ ወዲያው ደንግጣ "አስተግፊሩላህ" አለች፤ ሮጣ ሄዳም ጣሳዎቹን አብራ አነሳች። ሸዋረግ አቅፋ ሳመቻት። ይኼው ነው እንግዲህ፣ ሸዋረግ ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ በቀለለ።

በ2005 ዓ.ም. ጥር ላይ አቶ ፈጠነ መጣ። አዲስ ሆቴል እያሠራ ነው፤ ከመንገዱ እስከ በሩ ሰፊ ደረጃ አለው፤ ደረጃው በሁለት በኩል በአበባ እንዲሞላለት ይፈልጋል። ሁለቱንም ሴቶች ጠርቶ መንገዱ መሀል አቁሞ ነገራቸው።

"እኔ ሁለት ቦታ መመላለስ አልወድም። ፋሲካ ሲያልፍ እመጣለሁ፣ ሸጋ ሸጋውን አበባ ያየሁበት ቤት የሆቴሉ ባለ አበባ ትሆናለች። ከዚያ ወዲያ የሆቴሌ አበባ ሁሉ በሷ እጅ ነው።"

ሸዋረግ ሳቀችና "ታዲያ እኔ ምን ልፎካከር፣ አስተማሪዬ ናት" አለች። ዙበይዳም ሳቀች። የሷ ሳቅ ግን ከጥርሷ አላለፈም። አቶ ፈጠነ ከአፉ ባያወጣውም ዓይኑ የት እንዳረፈ አይታዋለች።

በዚያው ሳምንት ዳኛው የሚባል የእርሻ ባለሙያ ለቤቱ በረንዳ ጄራኒየም ሊገዛ ብሎ ግቢዋ ገባ። መግዛቱን ትቶ ጎንበስ ብሎ ጣሳዎቹን መመርመር ያዘ። ከአፈሩ ላይና ከጣሳው አፍ ዙሪያ የተጋገረ ነጭ ነገር ነበር።

"ይኼ ምንድን ነው እትዬ ዙበይዳ?"

"ኖራ ይሆናል። የቀለም ቆርቆሮ አይደል።"

ዳኛው በጣቱ ፍቆ ምላሱ ላይ አደረገው። "ጨው ነው" አለ። ከዚያ ባልዲው ውስጥ ያለውን የጉድጓድ ውኃ ቀመሰ። ከማኪናው ብዕር የሚያህል መለኪያ አምጥቶ ውኃው ውስጥ ነከረና ቁጥሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። "እዚህ ግቢ ከዚህ በፊት ምን ይሠራበት ነበር?"

ነገረችው። እየነገረችው ሳለ ራሷም ገባት፤ ድምፅዋም እየወረደ ሄደ።

"አበቦቹ ውኃ ውስጥ ቆመው እየተጠሙ ነው" አላት። "አፈሩ ውስጥ ጨው ሲበዛ ሥሩ ውኃውን መሳብ ያቅተዋል። ባጠጧቸው ቁጥር የሚጨምሩላቸው ጨው ነው። ቅጠል ላይ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው፤ ፀሐይ ውኃውን ታደርቀውና የቀረው ጨው ቅጠሉን ይለበልበዋል።"

"ቡገንቪላውስ ምነው ደህና ሆነ?"

"እሱ ጨው ይችላል። ጽጌረዳ ግን አይችልም።"

መድኃኒቱንም ነገራት። የጣሳዎቹን ቂጥ መብሳት፣ ከዚያ ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ እያፈሰሱ ጨውን በሥር ማስወጣት፣ የተቃጠለውን ቅርንጫፍ መቁረጥ። ከእንግዲህም የጉድጓዱን ውኃ አለማስጠጋት። ሊሄድ ሲነሳ ዙበይዳ እጁን ያዘች።

"ለሰው አትንገርብኝ ልጄ። የሟች ሰደቃ ነው። የባሌ ስም ይነሳል።"

ይህን ስትል እውነቷን ነበር። ግማሹን እውነት። ሌላውን ግማሽ ገና ለራሷም አልነገረችውም።

በማግሥቱ ባጃጅ ተከራይታ በደባርቅ መንገድ ካለ ምንጭ በቢጫ ጀሪካን ውኃ ማስመጣት ጀመረች። ለጠየቃት ሁሉ "ለመጠጥ ነው፣ ጨጓራዬ የቧንቧውን አልቻለውም" ትላለች። ጣሳዎቿን አንድ በአንድ በምስማር በሳች፣ አፈሩን አጠበች፣ የደረቀውን ቆረጠች። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከተቆረጠው ጉቶ ላይ ቀላ ያለ አዲስ ቅጠል ብቅ አለ። ብቻዋን ቆማ በደስታ አለቀሰች።

የካቲት አጋማሽ ላይ የከተማው ውኃ ጭራሽ ጠፋ። ፓምፕ ተበላሽቷል ተባለ፣ ይመጣል ተባለ፣ አልመጣም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሸዋረግ ባዶ ጀሪካን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

"እታለም፣ እያፈርሁ ነው የመጣሁት። ሮቶው ደረቀ። አበቦቼ አንገታቸውን ደፉብኝ። ካንቺ ጉድጓድ ብቀዳላቸው ምን ትያለሽ?"

መልሱ ዙበይዳ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። "ለአበባ አይሆንም፤ ጨው አለው" ማለት ብቻ ነው፣ ከዚያ ከምንጩ ውኃ አንድ ጀሪካን ማካፈል፣ ወይም ባጃጁን ማሳየት። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበችው። ነገር ግን ከሸዋረግ ትከሻ በላይ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ያ ቀይ ጽጌረዳ ይታያታል። አንገቱን ደፍቶም ያምራል።

"ምነው ትጠይቂኛለሽ?" አለች። "የአብዱልባሲጥ ውኃ ለማን ተነፍጎ ያውቃል? ቅጂ፣ እስኪበቃሽ ቅጂ።"

ባልዲውን ራሷ ወደ ጉድጓዱ አወረደችላት።

ሸዋረግ በየቀኑ መጣች። ሰፈርተኛው "አቤት የዙበይዳ ደግነት! በዚህ ውኃ በጠፋበት ዘመን ለተፎካካሪዋ እየቀዳች ትሰጣለች" ይል ጀመር። ምስጋናው ሲበዛ ዙበይዳ ቀና ብላ መሄድ አቃታት፤ ሰዎቹ ግን ትሕትና መሰላቸው። የነፈገችው ነገር የለም፣ የሰረቀችውም የለም፣ የባሏን ቃል ጠበቀች፤ ማንም ጣቱን ሊቀስርባት አይችልም። ስትሰግድ ግን ባሏ ፊቷ ድቅን ይላል። ለነፍሱ ያስቆፈረውን እሷ ለምን እንዳዋለችው ታውቀዋለችና "ፋሲካ ብቻ ይለፍ፣ ከዚያ እነግራታለሁ" እያለች ራሷን ታባብላለች።

በበሩ ስንጥቅ የምትቆጥረው እምቡጥ ከሃያ ሦስት ወደ አሥራ አምስት፣ ወደ ስምንት ወረደ። መጀመሪያ ጊዜ የቡናማውን ጠርዝ በሸዋረግ ቅጠል ላይ ስታየው፣ ልዋሽላት አልችልም፣ ደስ አላት። ሸዋረግ ግን ግራ ገብቷት ልክ እሷ ያን ጊዜ እንዳደረገችው ውኃውን እጥፍ አደረገችው። አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ ተቀምጣ የረገፈ እምቡጥ ከመሬት እየለቀመች ጭኗ ላይ ስታደርግ ዙበይዳ አየቻት። ከስንጥቁ ፊቷን መለሰች። ዞር ስትል የራሷ ጽጌረዳዎች ወጥረው ለመፈንዳት ደርሰዋል፤ እነሱን ስታይ መናገሩን ተወችው።

አቶ ፈጠነ እንዳለው ፋሲካ አልፎ መጣ። ብዙ አልቆየም። የሸዋረግን ደጃፍ አየና ከንፈሩን መጠጠ፤ የዙበይዳን ግቢ ገባና "ወይ ጉድ!" አለ። ግቢው ቀይና ሮዝ ሆኖ ነበር። "ከነገ ወዲያ ማኪና እልካለሁ፣ ሁሉንም ይጭናል" ብሎ እጇን ጨብጦ ሄደ። ሰፈርተኛው ተሰብስቧል። ሸዋረግ መጥታ አቀፈቻት።

"እግዜር ያውቃል፣ ይገባሻል እታለም" አለች፤ ከዚያ ለቆመው ሰው ዞራ፣ "የኔዎቹን በሽታ ጨረሳቸው እንጂ እሷስ እስከ መጨረሻው ውኃ አልነፈገችኝም። የአብዱልባሲጥን ነፍስ ይማር" አለች።

ዙበይዳ ጫማዋን አየች። ስትመኘው የኖረችው ቀን ይኼው መጣ፤ አሸንፋለች። ሸዋረግ ግን ተሸንፋም የምታቅፈው፣ የምትመርቀው አላጣችም። ይኼን ከየት ታመጣዋለች? ዙበይዳ በዚህም ተናደደች።

በማግሥቱ ከቀትር በፊት ዙበይዳ የሆቴሉን ደረጃ ለማየት ወደ ፒያሳ ወጣች። የትኛው ጣሳ የት እንደሚቀመጥ በዓይኗ ለክታ፣ ሠራተኞቹን "ባለ አበባዋ መጡ" ሲሉ ሰምታ ልቧ ሞልቶ ተመለሰች። በባጃጅ እስከ በሯ መጣች። በሩ እንደ ወትሮው ክፍት ነው። ስትገባ ሸዋረግ ግቢው መሀል፣ ጣሳዎቹ መካከል ቆማለች። ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ ሸጉጣለች። የጉድጓዱ ባልዲ አጠገቧ አለ፣ እጇ ላይ ደግሞ ማጠጫው። ማጠጫው ከትልቁ ቀይ ጽጌረዳ በላይ ዘንበል ብሏል።

"መጣሽ? ነገ በጭነቱ ትደክሚያለሽ ብዬ ዛሬ ላጠጣልሽ ነበር። እኔማ በምን ልካስሽ፣ ውኃውም ያንቺው..."

"ተይ!" ብላ ዙበይዳ ጮኸች። "በሱ አይደለም! ይገድላቸዋል!"

ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። አስባው ቢሆን ሌላ ነገር ባለች፤ ቅድም አጠጥቻለሁ ማለት ትችል ነበር፣ አትድከሚ ማለት ትችል ነበር። የፈራችው ለአበቦቿ ብቻ ነውና አፏ እውነቱን ተናገረ።

ሸዋረግ ማጠጫውን ቀና አደረገች። ውኃው አልፈሰሰም። መጀመሪያ ማጠጫውን አየች፣ ከዚያ ጉድጓዱን፣ ከዚያ ግድግዳው ሥር በጥላ የተደረደሩትን ቢጫ ጀሪካኖች። ጀሪካኖቹ ላይ ዓይኗ ብዙ ቆየ። ዙበይዳ ነገሩ ለሴትዮዋ ቀስ በቀስ ሲገባት ፊቷ ላይ አየችው፤ ማቆም አልቻለችም።

"ምን አለው ውኃው?"

"ጨው።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?"

መዋሸት ይቻል ነበር። ትናንት ነው ብትል ሸዋረግ ታምናት ነበር፤ ይህንንም ዙበይዳ አውቃለች።

"ከጥር።"

"እኔ የመጣሁት የካቲት ላይ ነው" አለች ሸዋረግ።

"አዎ።"

ዙበይዳ ስድቡን ጠበቀች። ቢመጣ ይሻላት ነበር፤ መልስ ትሰጥበት ነበር፣ የባሌ ስም ነው ትል ነበር፣ አልቅሳ እግሯ ሥር ትወድቅ ነበር። ሸዋረግ ግን በእጇ ያለውን ውኃ የት እንደምትደፋው ፈለገች። ዙሪያዋን ጣሳ ነው፤ አርባ ጣሳ፣ ሁሉም ያበበ፣ ነገ የሚጫን። ማጠጫውን ዘንበል ማድረግ ብቻ ይበቃት ነበር። እሷ ግን በሁለት እጇ ደግፋ፣ ጠብታ እንዳያመልጣት እየተጠነቀቀች፣ በጣሳዎቹ መሀል እግሯን እየመረጠች አለፈች። በሩን ወጥታ መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ደፋችው። ተመልሳ ማጠጫውን ከደጁ ደፍ ላይ አስቀመጠችውና መንገዱን ተሻግራ ቤቷ ገባች።

ዙበይዳ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እኔ ብሆን እዚያው ሥራቸው ላይ እደፋው ነበር አለች በልቧ። ከአበቦቿ አንድም ቅጠል አልራሰም። ያን ጊዜ በሸዋረግ ቀናች፤ በዚያ ሁሉ ዘመን እንደዚያ ቀንታባት አታውቅም።